የበረሃ ፎስፌትና ዩራኒየም፦ ጥያቄና መልስ ከመምህር ጋር

መምህር፦ እንደምን ዋላችሁ። ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ እስኪመሽ እመልሳለሁ። ፎስፌት ማዳበሪያ የሚሠራበት ድንጋይ ነው፤ ዩራኒየምም አለበት። ግብፅ በረሃ ፎስፌት ላይ ብዙ ቆይቻለሁ፤ የምነግራችሁ ከዚያው ነው። ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። የድንጋይ ፎቶ አትላኩልኝ፤ ዩራኒየም በፎቶ አይለይም። «ብዙ ነው» ብላችሁም አትጠይቁኝ፤ በቶን ስንት ግራም እንደሆነ ንገሩኝ።

የፍኖተ ሰላሙ፦ መምህር፣ ዩራኒየሙን በረሃ ምን አመጣው? ሙቀቱ ነው?

መምህር፦ ሙቀቱ የለበትም። ያመጣው ባሕር ነው። ከሞሮኮ ተነስታችሁ በቱኒዚያና በግብፅ አድርጋችሁ እስከ ዮርዳኖስና ሶርያ ብትዘልቁ፣ ዛሬ አሸዋ የሆነው አገር ከ70 እስከ 50 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቴቲስ የሚባል የጥንት ባሕር ዳርቻ ነበር። ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ምግብ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ጥቃቅን ሕይወት ይፈላበታል፣ ይሞታል፣ ጭቃው ላይ ይዘቅጣል። ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። እዚያ ጭቃ ውስጥ ፎስፈረሱ ከካልሲየም ጋር ሆኖ አፓታይት ይሆናል፤ የፎስፌት ድንጋይ ዋና ማዕድኑ እሱ ነው። የዓሣ አጥንትና ጥርስም አብሮ አለ፤ ስንቱን የሻርክ ጥርስ በእጄ ለቅሜአለሁ!

አሁን ወደ ዩራኒየሙ። የባሕር ውኃ በቶን 3.3 ሚሊግራም ገደማ አለው። ኢምንት ነው፤ ግን ባሕር አያልቅም። ውኃ ውስጥ እያለ ስድስት ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ፣ ካርቦኔት ታቅፎ ይዞራል። ኦክስጅን የሌለበት ጭቃ ሲገባ ኤሌክትሮን ይቀበልና ወደ አራት ይወርዳል። አራት የሆነው ደግሞ ውኃ ውስጥ አይሟሟም። የአቶሙ ስፋት ከካልሲየም ስለሚቀራረብ አፓታይቱ ውስጥ የካልሲየሙን ቦታ ይይዛል። እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙ ጊዜ በቶን ከ50 እስከ 200 ግራም ይጠራቀማል። ተራው የምድር ቅርፊት 3 ግራም እንኳ አይሞላም።

የቢቸናው፦ ቦንብ ይሆናል?

መምህር፦ አይሆንም። ቀጥሉ።

የሞጣው፦ (የቢጫ ድንጋይ ፎቶ) ከዓባይ በረሃ፣ በደጀን በኩል ስወርድ ያነሳሁት ነው። ዩራኒየም ቢጫ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

መምህር፦ ፎቶ አትላኩ አላልኩም? ቢጫ ሁሉ ዩራኒየም ቢሆን በመስከረም ጎጃም በሙሉ ማዕድን ነበር። አብዛኛው ቢጫ ድንጋይ የዛገ ብረት ነው። ለማንኛውም ሎሚ ጨምቅበትና ምን እንደሆነ ንገረኝ።

የባሕር ዳሯ፦ ያመጣው ባሕር ከሆነ፣ በረሃው ምንም ሥራ የለውም ማለት ነው?

መምህር፦ እሰይ፣ ይሄን ስጠብቅ ነበር! ባሕር ያስቀመጠውን በረሃ ያንቀሳቅሰዋል። ድንጋዩ ወጥቶ አየር ሲያገኘው አራቱ ተመልሶ ስድስት ይሆናል፤ ካርቦኔት ባለበት ውኃ ይሟሟል። ዝናባም አገር ቢሆን ታጥቦ ወንዝ ይገባል። በረሃ ላይ ግን ውኃው ሩቅ ሳይሄድ ይተናል። ቫናዲየምና ፖታሲየም ካገኘ ካርኖታይት የሚባል ቢጫ ቅርፊት ሠርቶ ይቀመጣል። የአውስትራሊያው ዪሊሪና የናሚቢያው ላንገር ሃይንሪክ በዚህ ዓይነት መንገድ የተሠሩ ናቸው፤ እነሱ ግን ፎስፌት አይደሉም፣ የበረሃ ኖራ ድንጋይ ናቸው።

አደራ የምላችሁ መሣሪያውን ነው። ጋይገር የሚባለው የጨረር መለኪያ ሲንጫጫ ባብዛኛው የሚሰማው ዩራኒየሙን ሳይሆን እየፈረሰ የሚወልዳቸውን የልጅ ልጆቹን ነው፤ ከራዲየም በታች ያሉትን ቢስመዝና እርሳስ። ውኃው ዩራኒየሙን ወስዶት ቶሪየም 230 የሚባለው ልጁ ሊቀር ይችላል፤ የሱ ግማሽ ዕድሜ፣ ማለት ግማሹ እስኪፈርስ የሚወስደው ጊዜ፣ 75 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ራዲየሙን እየወለደ ይቆያል። መሣሪያው ይጮኻል፣ ባለቤቱ ግን ቤቱን ለቅቋል። የዚህ ግልባጭም አለ፦ በቅርቡ የሰፈረ ዩራኒየም ገና ልጆቹን አልወለደምና ጭጭ ይላል። እኔ ራሴ አንድ ወር ሙሉ በዚህ ተሸውጃለሁ። ላብራቶሪ ሳይገባ አትመኑ።

የቡሬው፦ ማዳበሪያው ከሞሮኮ ነው የሚመጣው። ታዲያ ከጤፉ ጋር ዩራኒየም እየበላን ነው?

መምህር፦ እናስላው። በአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ኤንፒኤስ በተንህ። በቶን 100 ግራም ዩራኒየም አለው እንበል፤ የገባው 10 ግራም ነው። የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር በሄክታር 2400 ቶን ገደማ ይመዝናል። በቶን 1 ግራም ብቻ ቢኖረው እንኳ ድሮውኑ 2400 ግራም ነበረህ። እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ ማዳበሪያው ውስጥ ያለው ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ነው። አውሮፓ ከ2022 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ፣ ለአንድ ኪሎ ፎስፈረስ ፔንቶክሳይድ (የማዳበሪያ ፎስፈረስ የሚለካበት ነው) ከ60 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ገድባለች።

የአዴቱ፦ ዩራኒየሙን ተዉት፤ ማዳበሪያው መሬቱን ሱሰኛ አድርጎታል። አባቴ ያለ ዳፕ ነበር የሚያመርት።

የቡሬው፦ አባትህ መሬቱን ያሳርፍ ነበር። አሁን ማን ያሳርፋል?

የአዴቱ፦ ፍጉስ የት ሄደ?

የቡሬው፦ ኩበት ሆኖ ነደደ። የናንተ ቤት በምን ያበስላል?

የፍኖተ ሰላሙ፦ ያም ሆነ ይህ የጤፉ ጣዕም ቀንሷል።

የቢቸናው፦ የኛን ማኛ ስላልቀመስክ ነው።

መምህር፦ የጤፉን ነገር ሌላ ቀን። ጥያቄ ያለው?

የቢቸናው፦ እሺ፣ ዩራኒየሙ በጣም ቢበዛስ፣ ቦንብ...

መምህር፦ አንተ ሰውዬ! የተፈጥሮ ዩራኒየም ውስጥ ለቦንብ የሚሆነው፣ 235 የሚባለው፣ 0.72 በመቶ ብቻ ነው። ሦስተኛ ብትጠይቀኝ አልመልስም።

የዳንግላው፦ ፋብሪካ ሲገባስ ወዴት ይሄዳል?

መምህር፦ ድንጋዩ በሰልፈሪክ አሲድ ሲሟሟ ወላጅና ልጅ ይለያያሉ። አብዛኛው ዩራኒየም ፎስፎሪክ አሲዱን ተከትሎ ይሄዳል፤ አብዛኛው ራዲየም ከሚጣለው ጀሶ ጋር ይቀራል። ፍሎሪዳ ላይ ከአሲዱ ዩራኒየም ያወጡ ነበር፤ ዋጋው ሲወድቅ ተዉት።

የዳንግላው፦ የዓባይ በረሃው ጀሶም ራዲየም አለበት ማለት ነው?

መምህር፦ አታምታታ። ያ ባሕር ተንኖ የቀረ ጀሶ ነው፤ ፋብሪካ አላየም።

የደምበጫው፦ ወለጋ ያለው የቢቅላል ፎስፌትስ?

መምህር፦ ከቀለጠ ድንጋይ የመጣ ነው፤ ባሕር አልነካውም። እንዲህ ያለው ዩራኒየሙ ጥቂት ነው።

የባሕር ዳሯ፦ ዩራኒየም በኪሎ ስንት ይሸጣል?

መምህር፦ ነጋዴ ጠይቂ።

የሞጣው፦ መምህር፣ ሎሚውን ጨመቅኩበት። አረፋ አወጣ!

መምህር፦ ኖራ ድንጋይ ነው። ዓባይ በረሃ ሞልቶልሃል። ግን አትናቀው። ተፈጭቶ አሲዳማ መሬት ላይ ሲበተን፣ የአፈሩ አልሙኒየም ፎስፈረሱን ቀምቶ እንዳያስቀር ያደርጋል። በውድ የገዛኸው ማዳበሪያ ለሰብሉ ይደርሳል።

የሞጣው፦ ለአንድ ጥማድ ስንት ኩንታል ይበቃል? የማሳውን ፎቶ ልላክ?

መምህር፦ መጀመሪያ አፈሩን አስለካ! ፎቶ አትላክ።