አብሮ የሚያየው ማን ነው? የቤት ፊልም ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ደሴ ላይ ከመግሪብ በኋላ ብርዱ ሰውን ወደ ቤት ይሰበስባል። ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ከወረደ ደግሞ ውጭ የሚያቆይ ነገር የለም። የእኔም ስልክ የሚጮኸው በዚያ ሰዓት ነው፤ «ዛሬ ምን እንይ?» የሚል መልእክት ይመጣል። መልሴ ሁልጊዜ ጥያቄ ነው፦ አብሮ የሚያየው ማን ነው? ይህን ሳላውቅ ፊልም መምረጥ አልችልም። ለብቻ ሲያዩት ግሩም የሆነ ፊልም አያት፣ ሕፃንና እንግዳ በተቀመጡበት ቤት ሌላ ነገር ይሆናል።

የዚህን ሰሞን ጥያቄዎች ሰብስቤያለሁ። የፊልሞቹ ዓመት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

6፣ 9 እና 13 ዓመት የሆናቸው ልጆች አሉኝ። አማቴም ከእኛ ጋር ናቸው፤ ከአማርኛ ሌላ ቋንቋ አይሰሙም። ቴሌቪዥናችን አንድ ነው። ሁላችንም የምናየው ፊልም ይገኝ ይሆን? (የልጆች እናት፣ ከሮቢት)

ይገኛል እህቴ። «ችልድረን ኦፍ ሄቨን» የሚባለውን የኢራን ፊልም ፈልጊ። ማጂድ ማጂዲ በ1997 የሠራው ነው። ነገሩ ሁሉ ስለ አንድ ጥንድ ጫማ ነው። ዓሊ የሚባል ልጅ የታናሽ እህቱን ጫማ አሰፍቶ ሲመለስ ይጠፋበታል። አባቱ ሌላ መግዣ እንደሌለው ያውቃል። ስለዚህ ወንድምና እህት ለወላጆቻቸው ሳይናገሩ የእሱን ሸራ ጫማ ይፈራረቁበታል። እሷ ጠዋት ተምራ እየሮጠች ትመጣለች። መንገድ ላይ ይቀያየራሉ። እሱ ደግሞ ለከሰዓቱ ፈረቃ እየሮጠ ይሄዳል። በፈረቃ የተማረ የደሴ ልጅ ይህን የሚያስረዳው ሰው አይፈልግም።

አንድ ቦታ ላይ ጫማው ይሰፋትና ከእግሯ ወልቆ ቦይ ውስጥ ይገባል። ውሃው ይዞት ይሄዳል። ልጅቷ በቦዩ ዳር ትሮጣለች፤ እጇን ትሰዳለች፤ ያመልጣታል። እኛ ቤት ይህን ስናይ አያቴ ከተቀመጠችበት ብድግ ብላ «ያዢው! ያዢው ልጄ!» አለች። ከፋርስኛው አንዲት ቃል አልገባትም። ጫማ የጠፋበት ልጅ ሆድ ውስጥ ያለውን ግን ከሁላችንም ቀድማ ነበር የሰማችው።

በመጨረሻ የሩጫ ውድድር አለ። ዓሊ አንደኛ መውጣት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሦስተኛነትን ነው። የሦስተኛው ሽልማት ሸራ ጫማ ነዋ። ከዚህ በላይ አልነግርሽም።

ትልቁን ልጅ አስተርጓሚ አድርጊው። ሰብታይትሉን እያነበበ ለአያቱ በአማርኛ ጮክ ብሎ ይንገራቸው። ቃል በቃል ባይሆን ግድ የለም። ፊልሙን በፍላሽ ከሆነ የምታዩት፣ የሰብታይትሉ ፋይል ስም ከፊልሙ ፋይል ስም ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ይይልሽ፤ ካልሆነ ብዙ ቴሌቪዥን አያገኘውም።

ለትንሹ ደግሞ ቻርሊ ቻፕሊን አለ። «ዘ ኪድ» የ1921፣ «ሞደርን ታይምስ» የ1936 ሥራ ነው። በ«ሞደርን ታይምስ» ውስጥ ሠራተኛን ሥራ ሳያስቆም የሚያበላ ማሽን አለ። ማሽኑ ሲበላሽ በቆሎውን ቻፕሊን አፍ ላይ እንዴት እንደሚያሽከረክረው ልጆቹ ደጋግመው ያስመልሱሻል።

32 ጊጋ ፍላሽ አለኝ፤ ባዶ ነው። 5 ጊጋ ፊልም ላስጭን ስል አልገባም አለ። ፍላሹ ፎርጅድ ነው ወይ? (ተማሪ፣ ከደሴ)

ላይሆን ይችላል። ብዙ ፍላሽ የሚመጣው ፋት32 በሚባለው ፎርማት ነው። እሱ ቦታ ቢኖረውም ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ላፕቶፕ ላይ ወደ ኤክስፋት ወይም ወደ ኤንቲኤፍኤስ ፎርማት አድርገው። ውስጡ ያለው ሁሉ ስለሚጠፋ አስቀድመህ ገልብጥ። አሮጌ ቴሌቪዥን እነዚህን ላያነብ ይችላል፤ ያኔ መጠኑ ያነሰ ፋይል መፈለግ ነው።

ጎረቤቶቻችን ክርስቲያንም ሙስሊምም ናቸው። በዓል ሲሆን አንዱ ሌላው ቤት ይሰበሰባል። ማንንም የማያስከፋ ታሪካዊ ፊልም ንገሪን። (ከሸዋ በር)

ይህን ጥያቄ ወሎ ውስጥ መመለስ ደስ ይላል። «ዘ ሜሴጅ»ን እዩ፤ ስለ ነቢዩ ሙሐመድና ስለ እስልምና አጀማመር ነው። ሙስጠፋ አካድ በ1976 ያወጣው ነው። ፊልሙን ሁለት ጊዜ ነው የቀረፀው፤ አንዱን በእንግሊዝኛ፣ ሌላውን በዐረብኛ፣ ተዋንያኑን ለውጦ። በእንግሊዝኛው የነቢዩን አጎት ሐምዛን ሆኖ የሚሠራው አንቶኒ ኩዊን ነው። ነቢዩ በፊልሙ ውስጥ አይታዩም፤ ድምፃቸውም አይሰማም። ሌሎቹ ወደ ካሜራው ዞረው ያናግሯቸዋል።

ለእኛ የሚበልጠው ግን የነጃሺ ችሎት ነው። ከመካ የሸሹት ሰዎች በሐበሻው ንጉሥ ፊት ይቆማሉ። አሳዳጆቻቸው ተከትለው መጥተው «አሳልፈህ ስጠን» ይላሉ። ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ከቁርኣን ስለ መርየም (ስለ ማርያም) የወረደውን ምዕራፍ ያነባል። ንጉሡ ይሰማል። ከዚያ በበትሩ መሬት ላይ መስመር ያሰምራል፤ በእኛና በእናንተ መካከል ያለው ልዩነት ከዚህ አይወፍርም ሲል። አንድ ሶፋ ላይ መስቀል ያሰረችና ሂጃብ የለበሰች ጎረቤታሞች ተቀምጠው ይህን ሲያዩ ቤቱ ጸጥ ይላል። አይቻለሁ።

ርዝመቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። በአቦል ብትጀምሩት በረካው ተጠጥቶ፣ ከሰሉ አመድ ሆኖም አያልቅም። ለሁለት ምሽት ክፈሉት። የጦርነት ትዕይንቶችም ስላሉበት ትንንሾቹን ቀድማችሁ አስተኙ።

ከወደዳችሁት ያው ዳይሬክተር በ1981 ያወጣው «ላየን ኦፍ ዘ ዴዘርት» አለ። ሊቢያዊው ዑመር ሙኽታር ከፋሽስቶች ጋር ያደረገው ተጋድሎ ነው። የጠላት ጦር አዛዡ ግራዚያኒ ነው፤ እኛ በየካቲት 12 የምናውቀው ያው ግራዚያኒ። ኢጣሊያ ፊልሙን ለዓመታት ከልክላው በቴሌቪዥን የታየው በ2009 ነው። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 26 ቀን 1928 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ሲደበድቡ ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ ከተማችን ነበሩ። ይህን የሚያውቅ ሽማግሌ ጎረቤት ካለ ፊልሙ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን ዝጉና እሱን አስወሩት።

ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ እናቴ የተኩስ ድምፅ በቴሌቪዥን ስትሰማ ተነስታ ጓዳ ትገባለች። «እናንተ እዩ» ትለናለች። እኛ ግን ያለ እሷ ማየት አልፈለግንም። (ልጇ፣ ከኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ። መልእክትሽን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። እኛ ቤትም አክስቴ እንዲሁ ናት። በር በኃይል ሲዘጋ እንኳ እጇ ደረቷ ላይ ይሄዳል።

መጀመሪያ ሪሞቱን ለእናትሽ ስጧት። በእጇ ይሁን። ድምፁን የምትቀንሰው፣ የምታጠፋው እሷ ትሁን፤ አጠፋችው ብሎ ማንም አያጉረምርም። ፊልሙን አንቺ ቀድመሽ ለብቻሽ እይው። የፖስተሩን መልክ አትመኚ፤ የፍቅር ፊልም ነው የተባለው ውስጥ መሀል ላይ ሽጉጥ ይወጣል። ቀጥታ ሥርጭት ላይ ደግሞ የዜናና የሌላ ፊልም ማስታወቂያ ሳይታሰብ ይገባል። ለእሷ ከፍላሽ ማየቱ ይሻላል፤ የሚመጣውን ታውቂዋለሽ።

ከዚያ «ዌር ኢዝ ዘ ፍሬንድስ ሆም»ን አሳያት። አባስ ኪያሮስታሚ በ1987 የሠራው፣ ይህም የኢራን ነው። አንድ ተማሪ የጓደኛውን ደብተር ሳያውቅ ይዞ ቤቱ ይገባል። ጓደኛው ነገ የቤት ሥራውን በደብተሩ ካልሠራ ከትምህርት ቤት ይባረራል። ልጁ ደብተሩን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ሌላ መንደር ይሮጣል፤ የጓደኛውን ቤት ግን አያውቀውም። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ጥይት የለም፣ ጩኸት የለም። በኮረብታው ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣ ቀጭን መንገድ አለ፤ ጫፉ ላይ አንድ ዛፍ ቆሟል። ልጁ ያን መንገድ ሲወጣ እናትሽ የምታውቀው አንድ ዳገት ትዝ ይላታል። ዳገት የማያውቅ የወሎ ሰው የት አለ?

ፊልሙ ዝግ ያለ ነው። እናንተ ወጣቶቹ መጀመሪያ ላይ ሊሰለቻችሁ ይችላል፤ ስልካችሁን አስቀምጣችሁ ታገሱት። የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ»ንና ከላይ ያልኩትን የሊቢያውን ፊልም ግን ለእሷ አታሳዩ። ትልቅ ሥራዎች ናቸው፤ ጊዜያቸው ግን አሁን አይደለም። ድንጋጤዋ እንቅልፍ የሚነሳት፣ ከሰው የሚያርቃት ከሆነ ደግሞ የጤና ባለሙያ ዘንድ አብረሻት ሂጂ። እሷ ሕመም ነው ብላ ላትቆጥረው ትችላለች፤ ግን እርዳታ ያለው ነገር ነው።

ባለቤቴ ከካና ፊት አትነሳም። የቱርክ ድራማ ባህል ያጠፋል እላታለሁ፤ ትስቃለች። አንቺስ ምን ትያለሽ? (ባል፣ ከኮምቦልቻ)

አብረሃት ተቀመጥ ወንድሜ። ካና በእኛ 2008 ሥርጭት ሲጀምር እነ «ጥቁር ፍቅር»ን ወደ አማርኛ መልሶ አመጣ። «ካራ ሴቭዳ» የሚባለው የቱርክ ድራማ በ2017 በቴሌኖቬላ ዘርፍ ዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት ወስዷል፤ የቱርክን ድራማ ተራ ነገር አድርገህ አትየው። ቱርክ ውስጥ አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ያህል ይሄዳል። ወደ ውጭ ሲሸጥ ይቆራረጣል፤ ማለቂያ የሌለው የሚመስልህ ለዚህ ነው።

ቅሬታ የለኝም አልልም። በየቀኑ ማየት ምሽቱን ሙሉ ይበላል። ከእኛ ሥራ ደግሞ «እረኛዬ»ን የመሰለ አለ፤ አርትስ ቲቪ ላይ የታየው። አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ የሠራበት «ሰው ለሰው»ም ዛሬ ቢታይ አያረጅም። ሚስትህን «አጥፊው» ከማለት «ዛሬ ደግሞ ይህን እንይ» በላት። ስለ ባህል ያለህንም ክርክር ገጸ ባሕርያቱን እያያችሁ ተከራከሩበት።

የአጎቴ ልጆች ከአሜሪካ ለክረምት ይመጣሉ፤ 10 እና 12 ዓመታቸው ነው። አማርኛቸው ደካማ ነው። የትኛውን የኢትዮጵያ ፊልም ላሳያቸው? (ከፒያሳ፣ ደሴ)

«ላምብ»ን። ያሬድ ዘለቀ የሠራው ነው፤ በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱን አጥቶ ከበጉ ከቹኒ ጋር ዘመድ ቤት ይላካል። አጎቱ በጉን ለበዓል ሊያርደው ያስባል። ልጁ ምግብ መሥራት ይችልበታል፤ ወንድ ልጅ ወጥ ይሠራል ወይ ተብሎ ይዘለፋል። ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ ላይ ሲሸጥ እንግዶችህ በረሃብ ይነሳሉ። ሳምቡሳ አዘጋጅተህ ጠብቅ።

ለአዋቂዎቹ «ቁራኛዬ» አለ፤ ሞገስ ታፈሰ በ2019 ያወጣው። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ፍርድ የሚጓዙበት የድሮ ሥርዓት ነው ታሪኩ። «ድፍረት»ም በ2014 በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካቾች ሽልማት ያገኘ ነው። ግን ጠለፋና መደፈር ስላለበት ለ10 ዓመት ልጅ አይሆንም።

አንድ ነገር ልለምንህ። የአገራችንን ፊልም ባለቤቶቹ ራሳቸው በዩቲዩብ ቻናላቸው ካወጡት እዚያው ክፈተው። በፍላሽ የተገለበጠው ለሠሪው ሳንቲም አያስገባም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ስንት ዓመቱ፤ ፊልም ሠሪዎቻችን ግን ዛሬም የድካማቸውን አያገኙም። ይህ ያመኛል።

አዲስ ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛን። ፊልሙ ሁሉ ግን በስልክ የተቀረፀ ይመስላል። ዕቃው ችግር አለበት? (ከሆጤ)

የለበትም። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው የሚቀረፀው። አዲሶቹ ቴሌቪዥኖች በመሀል ከራሳቸው ምስል እየጨመሩ ያለሰልሱታል። የምስሉ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ «ሞሽን» የሚል ያለበትን አጥፋው፤ ወይም «ሲኒማ» ወይም «ፊልምሜከር» የሚለውን ምረጥ። ለኳስ ስትፈልገው መልሰህ ታበራዋለህ።

ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ጠዋት ቤት ስገባ እንቅልፍ ቶሎ አይወስደኝም። ረጅም ፊልም አልችልም። (ከኮምቦልቻ)

«ፕላኔት ኧርዝ»ን ልበልህ፤ በ2006 የወጣውን የቢቢሲ ዶክመንተሪ። አንዱ ክፍል ከአንድ ሰዓት አይበልጥም፤ ቅደም ተከተሉንም መጠበቅ የለብህም። ድምፁን ዝቅ አድርገው፤ የዴቪድ አተንቦሮ አነጋገር ራሱ ያረጋጋል። ሁለተኛውን ክፍል አስቀድም፤ ስለ ተራሮች ነው። የሚጀምረው ኤርታሌ ላይ ነው፤ አንተ ካለህበት በባቲ በኩል ቁልቁል ከሚወረድበት ከአፋር ምድር። ከዚያ ሰሜን ተራራ ላይ ጭላዳዎቹ ይመጣሉ። ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጠው ሣር እየነጩ ሲበሉ፣ ከነጩ ጭጋግ በላይ፣ እዚያ ላይ ዓይንህ ከተከደነ ነገ ከዚያው ትቀጥላለህ።