ልጄ የሚሥለውን እንዴት ልረዳው?

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ የደም ካንሰር ታሞ ኬሞ እየወሰደ ነው፤ ለሕክምናው ከባሕር ዳር አዲስ አበባ መጥተን ተቀምጠናል። ዎርድ ውስጥ ሲውል ያገኘው ወረቀት ላይ ሁሉ ይሥላል። ሰሞኑን ከአልጋው የሚበልጥ መርፌና አፍ የሌለው ልጅ ሥሎ አየሁ፤ ሁሉም በጥቁር ቀለም ነው። እኔ ቀንም ሌትም ከአጠገቡ ሳልለይ ሥዕሉ ውስጥ ግን የለሁም። አክስቴ ይህንን አይተው «ጥቁር ማብዛቱ ደግ አይደለም፤ ልጁ የታየው ነገር አለ» ብለው አስደነገጡኝ። ሥዕሉ ምን እየነገረኝ ነው?
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ፈጣሪ ልጅዎን ይማርልዎት። አክስትዎ ተጨንቀው ነው እንጂ፣ የልጅ ሥዕል እንደ ቡና ሲኒ አይነበብም። አንድ ፓኮ ከለር ለብዙ ልጆች በሚዳረስበት ዎርድ ውስጥ ጥቁሩ የተመረጠው ሌላው ስላለቀ ብቻ ሊሆን ይችላል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍሎረንስ ጉድኢነፍ እ.ኤ.አ. በ1926 ልጆች የሚሥሉትን ሰው የአእምሮ ዕድገታቸው መለኪያ አድርጋ ካቀረበች በኋላ፣ ሌሎች ባለሙያዎች ከዚያ አልፈው ለጎደለ እጅና ለተለቀ ጭንቅላት ለየብቻው የስሜት ፍቺ ሰጥተው ነበር፤ ኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን እንዲህ ያለውን ፍቺ አልደገፉትም።

ዛሬ በጠና የታመሙ ልጆችን ውሎ የሚያጠኑ ሰዎች ልጁ እንዲሥል ካደረጉ በኋላ ስለ ሥዕሉ የሚናገረውን ይመዘግባሉ፤ ዋናው ማስረጃ ንግግሩ ነው። እርስዎም «ይህ ምንድን ነው?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ «የኔ ጌታ፣ ስለ ሥዕልህ እስቲ አጫውተኝ» ይበሉት። «ይህ ልጅ አንተ ነህ?» አይበሉ፤ ስለ «ልጁ» እያወራ ስለ ራሱ ሊናገር የማይደፍረውን ይነግርዎታልና። ሲሥልም ቅደም ተከተሉን ይመልከቱ፤ መርፌውን አስቀድሞ ሥሎ ለአልጋው ቦታ ያጠረው እንደሆነ መጠኑ ብዙ ትርጉም ላይኖረው ይችላል።

እርስዎ በሥዕሉ ውስጥ አለመኖርዎ አሳዝኖዎታል። ነገር ግን የሣለው በጀርባ በኩል መርፌ የተወጋበትን ክፍል ከሆነና እርስዎን ውጭ እንዲጠብቁ አድርገውዎት ከነበረ፣ ልጁ ያየውን በትክክል ሥሏል ማለት ነው። አፍ የሌለው ፊትም ማስክ ያደረገ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ኬሞ አፍን ስለሚያቆስል መዋጥና መናገር ያስቸገረው ልጅ ይሆናል። ይህንን ሊያረጋግጥልዎ የሚችለው እሱ ብቻ ነው፤ አፉን ካመመው ደግሞ በዚያው ዕለት ለሐኪሙ መነገር አለበት። እንደዚሁም ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ቪንክሪስቲን የጣት ነርቮችን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ቀጥ ያለ መስመር ይሥል የነበረ ልጅ እርሳስ መጨበጥ ካቃተው ተስፋ ቆረጠ ከማለትዎ በፊት ሐኪሙን ይጠይቁ።

ስለ መርፌ ብቻ እንዳያወራ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው ጠዋትን፣ ቀትርን፣ ማታንና ሌሊትን እንዲሥልበት ይስጡት። ትልልቆች ዓይናችን የሚያርፈው ሕክምናው ላይ ነው፤ ልጁ ግን ከመርፌው ይልቅ ወረፋ መጠበቁ፣ ሌሊት የሚበራው መብራት ወይም ቤት የቀሩት እኅቶቹ ናፍቆት አስጨንቆት ሊሆን ይችላል።

ስለ ሞት ቢያወራስ? የሰዎችን አኗኗርና ባህል የምታጠናው አንትሮፖሎጂስት ማይራ ብሉቦንድ ላንግነር የደም ካንሰር የያዛቸው አሜሪካውያን ልጆች ማንም ሳይነግራቸው ሁኔታቸውን እንደሚያውቁና ወላጆቻቸውን ላለማስጨነቅ እንደሚደብቁ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመችው ጥናት አሳይታለች። ስለዚህ ወሬውን አያስቀይሩት፤ ምን እንደሚያስብ ጠይቀው ያዳምጡት፣ ፍርሃቱ ከበረታ ወይም እንቅልፍ ከነሳው በሆስፒታሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ካለ እንዲያየው ይጠይቁ።

ከሥዕሉ ጀርባ ቀኑንና የተናገረውን ቃል በቃል ይጻፉ። ሥዕሉ የእሱ ነውና ሳያስፈቅዱት ለጠያቂ ዘመድ አያሳዩበት፣ ፌስቡክ ላይም አይለጥፉበት፤ ለሐኪሙ እንዳይታይ እምቢ ካለም ወረቀቱን ይተዉለትና የነገረዎትን ሕመም ብቻ ያስረዱ።