በሐዋሳ የሕንፃ ንድፍ ጉድለት ክርክር፦ ተጠያቂው ማን ነው? ጊዜውስ እስከ መቼ ነው?

በሐዋሳ የግንባታ ክርክሮችን የምይዝ ጠበቃ ነኝ። ቤት ካስገነቡ የከተማችን ነዋሪዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው አንቀጾች በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ናቸው።

ጥያቄ፦ በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ ያስገነባሁትን ቤት ከተረከብኩ አራት ዓመት ሆነኝ። ግድግዳው ከመስኮቶቹ ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ተሰንጥቋል። ተቋራጩ ግን በውላችን ላይ የተጻፈው ዋስትና የአንድ ዓመት ስለሆነ ጊዜው አልፏል ይለኛል።

መልስ፦ አላለፈም። በአንቀጽ 3039 መሠረት ተቋራጩ ሥራው በደንብ ስለመሠራቱና ስለ ሕንፃው ጥንካሬ ከርክክቡ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው፤ ይህን ዘመን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃልም ዋጋ የለውም። በውሎች ውስጥ የምናየው የአንድ ዓመት ጊዜ ጥቃቅን ጉድለቶች ታርመው ከተቋራጩ ክፍያ ተቀንሶ የቆየው መያዣ ገንዘብ የሚለቀቅበት ነው እንጂ የ10 ዓመቱን ዋስትና የሚተካ አይደለም። ባለቤቶች ሁለቱን አምታተው መብታቸውን ሲተዉ ማየት እጅግ ያሳዝነኛል። የርክክብ ሰነድዎን ይፈልጉ፤ ዘመኑ የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው።

ጥያቄ፦ ተቋራጩ «ጥፋቱ የንድፉ ነው» ይላል፤ ንድፉን የሠራው መሐንዲስ ደግሞ «የአፈሩ ነው» ይላል። ማንን ልክሰስ?

መልስ፦ በመጀመሪያ፣ አፈር ለተቋራጩ ማምለጫ አይሆነውም፤ አንቀጽ 3039 ሥራው ባረፈበት መሬት ጠባይ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳትም ኃላፊ ያደርገዋልና። የመሐንዲሱ ኃላፊነት ግን የሚመነጨው ከእርስዎ ጋር ካለው የተለየ ውል ነው፤ የተለየ የይርጋ ጊዜ (ክስ ሊቀርብበት የሚችልበት የጊዜ ገደብ) ካልተደነገገ በስተቀር በአንቀጽ 1845 መሠረት የ10 ዓመት ይርጋ ይገዛዋል፤ በአንቀጽ 1846 መሠረትም የሚቆጠረው በመብትዎ ሊሠሩበት ከቻሉበት ቀን ጀምሮ ነው።

ሆኖም ስንጥቅ ስለታየ ብቻ ንድፉ ጉድለት አለበት አይባልም። መመዘኛው ሙያው የሚጠይቀው ጥንቃቄ መደረግ አለመደረጉ ነው። የአፈር ምርመራ ሳይደረግ የመሠረቱ ጥልቀት ከሌላ ሥራ ተገልብጦ ከሆነ፣ በሐይቁ አቅራቢያ ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ካልታሰበ፣ ወይም ከተማችን በስምጥ ሸለቆ ውስጥ መሆኗ እየታወቀ የመሬት መንቀጥቀጥ ስሌት ከተዘለለ፣ ጥፋቱ ወደ ንድፉ ያመዝናል። በአንጻሩ ንድፉ ስታፋ (ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያውን የሚያስረው ቀጭን ብረት) በየ15 ሳንቲ ሜትር እንዲታሰር አዝዞ በየ25 ከታሰረ፣ ወይም የፌሮው ውፍረት ከተቀነሰ፣ ጥፋቱ የአሠራር ነው። የምርመራውን ወጪ ለመቆጠብ «ይቅር» ያሉት እርስዎ ራስዎ ከሆኑ ደግሞ የኪሳራው አንድ ክፍል በእርስዎ ላይ ሊወድቅ እንደሚችል በግልጽ ልነግርዎ ይገባል።

ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ክስ አጣምሮ መክሰሱን እመርጣለሁ። አንዱን ብቻ ከከሰሱ፣ በሌለው ሰው ላይ ሲያላክክ ዓመታት ያልፋሉ።

ጥያቄ፦ ንድፉን የሠራው አንድ ወጣት ነው፤ ማኅተሙ ግን የሌላ ባለሙያ ነው።

መልስ፦ በማኅተሙና በፊርማው ሥራውን የራሱ ያደረገው ባለሙያ «እኔ አልሠራሁትም» ብሎ ከኃላፊነት ሊያመልጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ የእኔ ሕንፃ ግድግዳ ፈርሶ የጎረቤቴን ቤት ጎድቷል። ጥፋቱ የተቋራጩ ሆኖ ሳለ እኔ እጠየቃለሁ?

መልስ፦ አዎን፤ አንቀጽ 2077 ሕንፃው ያደረሰው ጉዳት አስቀድሞ ሊታይ የማይችል እንኳ ቢሆን ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል። እርስዎ በተራዎ ሕንፃውን የገነቡልዎን ሰዎች መጠየቅ ይችላሉ። ጎረቤትዎ ግን ክሱን ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ግን ረዥሙ ጊዜ ይሠራል (አንቀጽ 2143)።

ጥያቄ፦ መሐንዲሱ የአክስቴ ልጅ ነው። «ከበዓል በኋላ እናስተካክላለን» እያለ ስምንት ዓመት አለፈ።

መልስ፦ እጅግ የምሰጋው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው። ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን ይርጋ ይቋረጣል (አንቀጽ 1851)፤ ይሁን እንጂ በቡና ላይ የተነገረ ቃል በፍርድ ቤት ሲካድ ለማስረዳት ይቸግራል። ዝምድና ክሱን እንዳዘገየው ዳኛው ካመነ የይርጋውን መቃወሚያ ሊያልፈው እንደሚችል አንቀጽ 1853 ቢፈቅድም፣ ይህ በዳኛው ሚዛን ላይ የተመሠረተ ነውና አይተማመኑበት። በዚህ ሳምንት ጉድለቱን የሚያምንበትንና የሚጠግንበትን ቀን የያዘ ጽሑፍ ያስፈርሙት፤ እምቢ ካለ ክሱን ያቅርቡ። ስንጥቁን በልስን ከመሸፈንዎ በፊትም በገለልተኛ ባለሙያ ያስመርምሩት፤ በፎቶግራፍም ያስቀርጹት።