በጥቁር አፈር ላይ እየሞተ ያስቸገረ ጽጌረዳ

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ አካባቢ ነው የምኖረው። ግቢዬ ጥቁር አፈር ነው። ባለፈው ሰኔ አሥር ጽጌረዳና ስድስት የጥብስ ቅጠል ተከልኩ። ነሐሴ ላይ ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ ረገፈ፤ ዩሪያ ብጨምርላቸው ጭራሽ ባሰባቸው። ዘንድሮ የትኛውን ዝርያ ልግዛ?»

እህቴ፣ የዝርያውን ነገር ለጊዜው ይተዉትና ከሞቱት አንዱን ነቅለው ሥሩን ይዩልኝ። ጤነኛ ሥር ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ነው። የእርስዎ ጠቁሮ፣ ሲጎትቱት ልጡ እንደ እጅጌ እየወለቀ፣ የረጋ ኩሬ የሚሸት ከሆነ ታፍኖ ነው የሞተው። መረሬ (የእርስዎ ጥቁር አፈር ማለት ነው) ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ቀዳዳውን ሁሉ ይደፍናል፤ ሥሩ አየር ያጣል። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን የተራበ ይመስላል፣ ነገር ግን የታፈነ ሥር ዩሪያውን መጠቀም አይችልም። እኔም ሥራ ስጀምር ቢጫ ባየሁ ቁጥር ወደ ማዳበሪያ እሮጥ ነበር፤ ስንቱን የሰው አበባ ገድያለሁ።

ለማረጋገጥ 50 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ይሙሉበት። ሲሰርግ ደግመው ይሙሉት። በማግስቱ ጠዋት ውሃው እዚያው ተኝቶ ካገኙት፣ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ጽጌረዳ አይተከልም። የጥብስ ቅጠልማ ከጽጌረዳም የባሰ ውሃ ጠል ነው።

መፍትሔው ከመሬት ከፍ ያለ መደብ ነው። ግንቦት ላይ፣ አፈሩ እንደ ድንጋይ ሳይደርቅ ወይም እንደ ሊጥ ሳይጣበቅ ይሥሩት። ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን፤ ሁለት እጅ ቀይ አፈር ከአንድ እጅ በደንብ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ይቀላቀል። 4 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ወርድ ላለው መደብ 1.6 ሜትር ኩብ ያህል ይበቃል፤ ስለዚህ ሙሉ ሲኖ አፈር የሚያስገዛዎትን ሰው አይስሙ። በመደቡ ግርጌ ወደ ግቢው ዝቅተኛ ጥግ የሚወርድ ቦይ ያውጡ። ቦዩ ከሌለ መደቡ ብቻውን አያድንም። «አሸዋ ቀላቅሉበት» የሚልዎትም አይጠፋም፤ መረሬ ላይ ጥቂት አሸዋ ጣል ማድረግ ጡብ መሥራት ነው።

የሚተከልበት ወቅትም ተሳስቷል። ሰኔ ለአገር በቀል ዛፍ መልካም ነው፤ ለጽጌረዳ ግን ከፊቱ ሐምሌና ነሐሴ አሉበት። የበቾ ገበሬ ሽምብራና ጓያውን በጥቁር አፈሩ ላይ የሚዘራው ዝናቡ ሊወጣ ሲል ነው፤ አፈሩ ይዞት የሚቆየው እርጥበት ያደርስለታል። እርስዎም ጳጉሜን ወይም መስከረም ላይ ይትከሉ። ሲተክሉ የችግኙን ፕላስቲክ ሙሉ በሙሉ ያውልቁ (ቀዳዶ መተው አይበቃም)፣ ተጠምዞ የዞረውን ሥርም ይቁረጡ። በበጋ መረሬው ሲሰነጠቅ ሥር ይበጥሳል፤ ከግንዱ ጥቂት አርቀው የጤፍ ጭድ ያልብሱት፣ በየቀኑ ከመርጨትም በሳምንት ሁለቴ አጥግበው ያጠጡ።

ውሃው የሚጠራቀምበትን ያንን ጥግ ደግሞ አይታገሉት። ካላ ሊሊና ካና ይትከሉበት፤ እነሱ ጭቃ ይወዳሉ።