የራሴን ልሥራ ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ ላለችው እህታችን

ሰሞኑን አንዲት እህት እዚህ እንዲህ ብላ ጠይቃ ነበር፦ «ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ጀምሮ የምኖረው በትእዛዝ ሥራ ነው። ለስጦታ ዕቃ ሱቅ ላሊበላና ቡና የምታፈላ ሴት፣ ለሆቴል ደግሞ ፈረስና አበባ እስላለሁ። የራሴን ልሥራ ስል ግን እጄ አይታዘዘኝም። ሸራው ፊት እንደተቀመጥኩ ይመሽብኛል። ትእዛዙን ልተወው? ወይስ በቃ አበቃልኝ?»

አላበቃልሽም። እኔም እንዳንቺው በትእዛዝ እንጀራ የምበላ ሠዓሊ ነኝ። ይሄ ነገር እኔም ዘንድ መጥቶ ያውቃል፤ አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል። ትንሽ ይረዝማልና ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በይ። ላሊበላውን ስትስይ እጅሽ አይቆምም። ቀለም ትበጠብጫለሽ፣ ሰማዩን ትቀቢያለሽ፣ ሲመሽ ሥራው አልቋል። እጅሽ ደህና ነው ማለት ነው። የሚቆመው ለራስሽ ስትቀመጪ ብቻ ነው። ለሱቁ ስትሠሪ መጠኑም፣ ቀለሙም፣ ዋጋውም ተነግሮሻል። የሚፈርደውም ባለሱቁ ነው። ለራስሽ ሲሆን ግን የሚነግርሽ የለም፤ ዳኛዋም አንቺው ነሽ። ችግሩ ደግሞ ዳኛዋ ቶሎ ትመጣለች። ገና አንድ መስመር ሳትጥይ «ይሄ ተሠርቷል»፣ «ይሄ የእገሌን ይመስላል»፣ «ይሄን ማን ይገዛዋል» ትላለች። በዚያ ላይ ሸራው ውድ፣ ቀለሙ ውድ። ማን ይደፍራል ታዲያ?

እኔን የሚያድነኝ ሁለት ነገር ነው፤ ርካሽ ዕቃና ጠበብ ያለ ወሰን።

ሸራውን ለጊዜው ወደ ግድግዳ አዙሪው። ደብተር የምንለብድበትን ካኪ ወረቀት ግዢ። ዋጋው ስለማያሳሳ ብታበላሺውም አይቆጭሽም። ቡናማ መሆኑ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ መካከለኛው ድምቀት ወረቀቱ ላይ አስቀድሞ አለልሽ። ጥላውን በከሰል፣ ብርሃኑን በነጭ ጠመኔ ብታስቀምጪ ቅርጹ ብድግ ይላል። ነጭ ሸራ ላይ ይሄን ለማግኘት ስንት ትለፊያለሽ።

ከሰሉን ራስሽ ሥሪው። የምድጃው ከሰል አይሆንም፤ ጠንካራ ነው፣ ወረቀት ይቧጭራል። እርሳስ የሚያህሉ ቀጫጭን ደረቅ ጭራሮዎች ልጣጫቸውን አንሺና ክዳን ባለው የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጥቅጥቅ አድርገሽ ክተቺ። የወይን ሐረግ ካገኘሽማ እሰየው ነው። ክዳኑን በምስማር አንድ ቦታ ብሺው፤ ካልበሳሽው ጭሱ መውጫ ሲያጣ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። ከዚያ ደጅ፣ ደህና እሳት ውስጥ አስቀምጪው። ከቀዳዳው ጭስ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ጭሱ ሲያቆም አውጪው። እንዳትከፍቺው ግን! ትኩስ እያለ አየር ካገኘ ይቀጣጠልና አመድ ይሆንብሻል። በደንብ ሲቀዘቅዝ ክፈቺው። ጥቁር፣ ቀላል፣ በጣት ሲዳብሱት የሚለቅ ከሰል ታገኛለሽ።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን ትይኝ ይሆናል። እጅ ሥራ ሲይዝ ሐሳብ ጋብ ይላል። ከሰሉን ሠርተሽ፣ ጣትሽ ጠቁሮ ወረቀት ፊት ስትቀመጪ ሥራውን ጀምረሻል፤ «ልጀምር አልጀምር» የሚለው ክርክር አልፏል።

ወሰኑ ላይ ልምጣ። ለሳምንት አንድ ነገር ብቻ ምረጪ። ለምሳሌ የሰው እጅ። ፊት የለም፣ ከኋላ ቤትና ተራራ የለም፤ እጅ ብቻ። ሊስትሮው ብሩሽ ሲይዝ፣ ባለጉሊቷ ሽንኩርት ስትደረድር። ስልክሽ ላይ አጭር ሰዓት ሙይ፤ ሲጮህ ታቆሚያለሽ። ያምራል አያምርም ብለሽ አትዪው፤ ገልብጠሽ አስቀምጪው። በሳምንቱ መጨረሻ ሁሉንም መሬት ላይ ዘርጊ። ያኔ ዳኛዋ ትምጣ፣ ያኔ ሥራ አላት። አብዛኛው ይጣላል። አንድ ሁለቱ ግን ዓይንሽን ይዘው አይለቁሽም።

እኔ አንድ ሰሞን የታክሲ ረዳቶችን እጅ ስስል ነበር። ብሩን በቁመቱ አጥፈው በየጣቶቻቸው መሃል ሲሰኩት አይተሻል አይደል? አሥሩ እዚህ፣ ሃምሳው እዚያ። ደጋግሜ ስስለው ብሩ ከእጁ የበቀለ ቅጠል መሰለኝ። በኋላ ትልቅ ሸራ ላይ የወጣው ሥራ ከዚያ ነው የመጣው። ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳስብ ብውል አይመጣልኝም ነበር።

«ወሰን ፈጠራን ይገድላል» የሚሉ አሉ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችንን እዪ። ጻድቁ ሁለቱም ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሳላል። ደንብ ነው። ጎንደር ሄደሽ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ ቀና ብለሽ ብታዪ ደግሞ መላእክቱ ፊትና ክንፍ ብቻ ናቸው፣ በረድፍ በረድፍ ተደርድረው። ሠዓሊው የተሰጠው ይሄው ነው። ቀስ ብለሽ ስታዪያቸው ግን አስተያየታቸው ይለያያል።

ወረቀትና ከሰሉም ከሰለቸሽ ዕቃ ቀይሪ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን በቆዳና በዛፍ ልጥ ላይም ሠርቷል። ሌላው የሥነ ጥበብ ሰው ኤልያስ ስሜ በክርና በልብስ ቁልፍ ሲሠራ ቆይቶ መርካቶ የሚሸጡ የኤሌክትሮኒክስ ገመዶችና ቁርጥራጮች ውስጥ ገባ፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በእነሱ ነው። የማታውቂው ዕቃ ላይ የለመድሽው ዘዴ አይሠራም። ላሊበላውን እያፈጠነ የሚያስጨርስሽ ዘዴ ማለቴ ነው።

የሌላ ሰው ሥራ በስልክ ማየትን ለጊዜው ቀንሺ። ይሄን ብዙ ማብራራት አያስፈልግም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። ደግሞ ከሥዕሉ አልፎ እንቅልፍም፣ ምግብም፣ ሰው ማግኘትም ካስጠላሽ ነገሩ የሥዕል ብቻ ላይሆን ይችላል። ሐኪም አማክሪ፤ ነውር የለውም።

ትእዛዙን ልተወው ወይ ላልሽው፣ በፍጹም። ኪራይ እያሳሰበሽ የምትሠሪው የራስሽ ሥራ የሚሆንልሽ አይመስለኝም። ትእዛዝ በራሱ ጠላት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው አፍሪካ አዳራሽ ያለው የሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም የመስታወት ሥራ 150 ካሬ ሜትር ነው። ያም ትእዛዝ ነበር። እርግጥ ያ አፍሪካን ያህል ርዕስ፣ ያንቺ የሆቴል ፈረስ ነው፤ ልዩነቱ አይጠፋኝም።

ግን ሁለቱን አታደባልቂያቸው። ብሩሹንም ሰዓቱንም ለዪ። ጠዋት ሰውነትሽ ሳይደክም የራስሽን ሥሪ፣ ትንሽም ብትሆን። ከምሳ በኋላ ላሊበላው ይቀጥል፤ እሱን ደክሞሽም ትስይዋለሽ። ባለሱቁ ቶሎ በይ ካለሽ የማስረከቢያውን ቀን ገፋ አድርጊ እንጂ ጠዋቱን አትስጪው።