መልስ፦ በትንሽ በጀት ዴስክቶፕ ለመገጣጠም

ወንድሜ፣ ፓወር ሰፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን ሳጥን) ርካሽ ገዝቼ የተረፈውን ብር ግራፊክስ ካርዱ (ምስሉን አዘጋጅቶ ወደ ስክሪን የሚልከው ክፍል) ላይ ልጨምር ወይ ብለሃል። እባክህ እንዳታደርገው። ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ሌላውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። እኔ ላይ ደርሷል፤ አንድ ማታ ጌም ከፍቼ እያለሁ ጧ አለና የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ክፍሉን ሞላው፣ ማዘርቦርዱም (ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ሰሌዳ) ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ለመካከለኛ ካርድ 550 ወይም 650 ዋት ይበቃል። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ያለው 80 ፕላስ የሚለው ምልክት ግን ስለ ኃይል ብክነት እንጂ ስለ ጥራቱ ብዙም አይነግርህም፤ ስለዚህ የሞዴሉን ስም ይዘህ፣ ፈትተው የፈተሹት ሰዎች ምን እንዳሉ አንብብ።

መቆጠብ ከፈለግክ ፕሮሰሰሩ (ስሌቱን የሚሰራው ዋናው ቺፕ) ላይ ቆጥብ። ራይዘን 5 5600 የሚባለው የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ባለ 6 ኮር ነው (ስራውን የሚከፋፈሉ 6 ክፍሎች አሉት)፣ ለጌምም ለቪዲዮ ኤዲቲንግም አያሳፍርህም። የሚሰራው ኤኤም4 የሚባል የፕሮሰሰር መሰኪያ ባለው ማዘርቦርድና ዲዲአር4 በሚባል የራም (ጊዜያዊ ሜሞሪ) ዓይነት ስለሆነ ያገለገለ ዕቃም በቀላሉ ታገኝለታለህ። አንድ ነገር ልብ በል፦ የራሱ ግራፊክስ የለውም። ካርዱን ቆይቼ እገዛለሁ ካልክ ስክሪንህ ላይ ምንም አይመጣም፤ ለዚያ የራሱ ግራፊክስ ያለው 5600ጂ ይሻልሃል።

ራም ከአንድ 16 ጊጋ ሁለት ባለ 8 ጊጋ ግዛ፣ አብረው ሲሰሩ ፍጥነቱ ይጨምራል። ማዘርቦርዱ አራት ቀዳዳ ካለው ከፕሮሰሰሩ በኩል ቆጥረህ 2ኛውና 4ኛው ላይ ሰካቸው፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋር ይሳሳታል። ዊንዶውስህን ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ) ላይ ጫን። ኬዙ (ሁሉን የሚይዘው ሳጥን) ደግሞ ከፊት አየር የሚያስገባ ይሁን እንጂ መብራቱን ተወው።