ጓደኞቼ እስከ ኒስ እንሂድ ይላሉ፤ እኔ የያዝኩት ሪቼቩታ ነው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የአምዱ አዘጋጅ። ጣሊያን አገር ፓቪያ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው። ባሕር ያየሁት ከአውሮፕላን መስኮት ብቻ ነው ብል ውሸት አይሆንም። የክፍል ጓደኞቼ፣ ሁለት ጣሊያኖች፣ አንድ ህንዳዊና አንዲት ኢራናዊት፣ ለነሱ ፋሲካ ዕረፍት የሊጉሪያን ባሕር ዳርቻ እንዙር ብለው እኔንም ቆጥረውኛል። ዓርብ ጄኖቫ፣ ቅዳሜና እሑድ እዚያው አካባቢ፣ ሰኞ ቺንኩዌ ቴሬ የሚባሉት አምስት የባሕር ዳር መንደሮች፣ ማክሰኞ ፈረንሳይ ኒስ ደርሰን እንመለሳለን ነው ዕቅዱ። ሦስት ነገር ጨንቆኛል። አንደኛ፣ ሶጆርኖዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) አልቆ ለእድሳት አስገብቻለሁ፤ በእጄ ያለው የፖስታ ቤቱ ሪቼቩታ፣ ማለትም የማመልከቻው ደረሰኝ ነው። ሁለተኛ፣ ሒሳብ እኩል ነው የሚካፈሉት። እኔ በስኮላርሺፕ ነው የምኖረው፣ ወይን አልጠጣም፣ በዚያ ላይ ሁዳዴ ነው። ሦስተኛ፣ መዋኘት አልችልም። ብቀር ይሻለኝ ይሆን?
ሃ.፣ ከፓቪያ

መልስ፦ አትቅሪ፣ ሂጂ። ኒስ ግን አትሄጂም።

ከወረቀቱ እንጀምር፤ ሌላው ሁሉ በወሬ የሚፈታ ነው። ሪቼቩታው ጣሊያን ውስጥ በሕጋዊ መንገድ እንዳለሽ ያሳያል። ትማሪበታለሽ፣ ትኖሪበታለሽ፣ ከፓቪያ ሲቺሊያ ድረስ ትዞሪበታለሽ። ወደ ፈረንሳይ ግን አያሻግርም። ለዚህ የሚሠራው ያላለቀ የሶጆርኖ ካርድ ወይም ያላለቀ የረጅም ጊዜ ቪዛ ነው። አንቺ ሁለቱም የለሽም። “ሸንገን ውስጥ እኮ ድንበር የለም” የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ፈረንሳይ ድንበር ላይ ያለችው የጣሊያን ከተማ ቨንቲሚልያ ሄዶ ይየው። ፈረንሳይ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያ ድንበር ላይ ቁጥጥር መልሳለች።

አንድ ጊዜ በዚያ መስመር ስሄድ ያየሁትን ልንገርሽ። ባቡሩ ከቨንቲሚልያ ተነስቶ ድንበሩን እንዳለፈ ማንቶን ጋራቫን የምትባል ትንሽ ጣቢያ ላይ ቆመ። በሩ ተከፈተና ፖሊሶች ገቡ። ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ የኛው አገር ልጅ ነበር፣ ቦርሳው ላይ የዩኒቨርሲቲው ስም ተጽፏል። በፕላስቲክ የተሸፈነ ሪቼቩታ አውጥቶ ሰጠ። ፖሊሱ ገልብጦ አየው፣ መለሰለት፣ ከዚያ በጣቱ ወደ በሩ አመለከተው። ጓደኞቹ ግማሾቹ ተከትለውት ወረዱ፣ ግማሾቹ መስኮት ላይ ቀሩ። ልጁ የሠራው ወንጀል የለም። ግን የሁሉም ቀን ተበላሸ። አንቺ ለምን ትገቢበታለሽ?

አሁን ዋናው ነገር፦ ይህን ለጓደኞችሽ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። ጾም ነው፣ አሞኛል፣ አሳይመንት አለብኝ እያልሽ አትሸፍኚው። በተለይ ኢራናዊቷንና ህንዳዊውን ለብቻ ጠይቂ። ከአውሮፓ ውጭ የመጣ ተማሪ በሙሉ በዚሁ የኩዌስቱራ (የፖሊስ መምሪያ) ወረፋ ነው የሚያልፈው። ከሁለቱ አንዳቸው ሪቼቩታ ይዘው ዝም ብለው ቢሆን አይግረምሽ። የኛ ይሉኝታ የኛ ብቻ ይመስለናል እንጂ ሌላውም አገር አለ።

ደግሞም ኒስን ለማስቀረት ወረቀት ሳትጠቅሺም የሚያሸንፍ ክርክር አለሽ። ካርታውን ክፈቺና አሳዪያቸው። ቺንኩዌ ቴሬ ከጄኖቫ በስተምሥራቅ፣ ኒስ በስተምዕራብ ናቸው። ከቺንኩዌ ቴሬ አጠገብ ካለችው ላ ስፔዚያ ተነስቶ ኒስ መድረስ ግማሽ ቀን ባቡር ላይ መቀመጥ ነው፤ ከዚያ ደግሞ መመለስ አለ። በምትኩ ማክሰኞን ከጄኖቫ በስተምሥራቅ ላለችው ካሞሊ ስጡት። ከካሞሊ በጀልባ ሳን ፍሩቱዎዞ ትደርሳላችሁ። ከተራራና ከባሕር መሐል የተወሸቀ ጥንታዊ ገዳም ነው፤ በመኪና አይደረስበትም፣ ወይ በጀልባ ወይ በእግር ነው። ከፊቱ ካለው ባሕር ሥር 17 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ በ1954 (እ.ኤ.አ.) የተቀመጠ የክርስቶስ ሐውልት አለ፣ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቶ። ለማየት ጠላቂ መሆን ያስፈልጋል፤ እዚያ መኖሩን አውቆ በላዩ ማለፍ ግን ለኔ በቂ ነበር። ባሕሩ ከተናወጠ ጀልባው ይሰረዛል፣ ስለዚህ ጠዋት ጠይቁ።

ሰኞ ቺንኩዌ ቴሬ የሚለውንም ቀይሩት። የጣሊያን ፋሲካ ማግስት ሰኞ አገሩ በሙሉ ምሳውን ቋጥሮ የሚወጣበት ቀን ነው። ባቡር ውስጥ እጅሽን ማንሳት አትችዪም። ዓርባቸው ግን፣ ስቅለታቸው ቢሆንም፣ ጣሊያን ውስጥ የሥራ ቀን ነው። በዚያ ቀን ሂዱ። ሰኞን ጄኖቫ አሮጌው ከተማ ውስጥ አሳልፉት፣ ጠባብ መንገዶቹ ሰው ቢበዛባቸውም ጥላ አላቸው። ሰኞና ማክሰኞ ለኛ ሕማማት መሆኑን አልረሳሁም፤ እሑድ ማታ ተለይተሽ ብትመለሺም ዋናውን አይተሻል። ያንን ራስሽ ወስኚ።

ጄኖቫ ካላችሁ ወደቡ አጠገብ ፒያሳ ካሪካሜንቶ ላይ የራፋኤሌ ሩባቲኖን ሐውልት ፈልጊ። በ1869 (እ.ኤ.አ.) አሰብ ላይ መሬት የተገዛው በዚህ ሰው የመርከብ ድርጅት ስም ነው። በ1882 የጣሊያን መንግሥት ተረከበው፣ የቀረውን ታውቂዋለሽ። አብረውሽ ያሉት ጣሊያኖች ላያውቁት ይችላሉ። ንገሪያቸው፤ ከሐውልቱ ሥር ቆሞ ማውራት ደስ ይላል።

ቺንኩዌ ቴሬ አምስት መንደር ነው፦ ሞንቴሮሶ፣ ቬርናትሳ፣ ኮርኒልያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ። ማደሪያ እዚያው አትፈልጉ፣ ውድ ነው። ላ ስፔዚያ ወይም ሌቫንቶ አድራችሁ በባቡር ትገባላችሁ፤ በመንደሮቹ መካከል ያለው ጉዞ ደቂቃዎች ናቸው። ኮርኒልያ ብቻ ገደል ላይ ናት። ከጣቢያው ከ370 በላይ ደረጃ ትወጪያለሽ፤ የደብረ ብርሃን ሳንባ እዚህ ላይ ነው የሚታየው። ተራራው ከታች እስከ ላይ ያለ ሲሚንቶ በተደረደረ የድንጋይ እርከን ተቆርጦ ወይን ተተክሎበታል። ኮንሶን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ ያው የገበሬ ትዕግሥት ነው። ዩኔስኮ ይህንን በ1997፣ ኮንሶን በ2011 (እ.ኤ.አ.) መዝግቧቸዋል። በእግር የምትሄዱ ከሆነ የተሸፈነ ጫማ አድርጊ፤ በነጠላ ጫማ መንገዱ ላይ የተገኘ ይቀጣል። የዝናብ ማስጠንቀቂያ ካለ መንገዱ ይዘጋል፤ አትከራከሩ። በጥቅምት 2011 (እ.ኤ.አ.) ቬርናትሳና ሞንቴሮሶን ጎርፍና ጭቃ የዋጣቸው በአንድ ከሰዓት ዝናብ ነው።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። እኩል መካፈል መጥፎ አይደለም፤ መጥፎ የሚሆነው ምግብ ቤት ተቀምጠሽ ሒሳቡ ከመጣ በኋላ ስታኮርፊ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ሁለት ቋት ይኑር በያቸው። ቤት ኪራይ፣ ባቡርና ከሱፐርማርኬት የሚገዛ ነገር እኩል፤ ምግብ ቤትና መጠጥ እያንዳንዱ የራሱን። ስፕሊትዋይዝ በሚባለው የወጪ መካፈያ የስልክ መተግበሪያ ላይ እንዲህ ለያይቶ መጻፍ ይቻላል፤ አብዛኛው ተማሪ የሚጠቀመውም እሱን ነው። “በስኮላርሺፕ ነው የምኖረው፣ ቀን ላይ ከዚህ በላይ አላወጣም” ማለት ልመና አይደለም። ሁለት ትንንሽ ወጪዎች ሳይታሰቡ ይመጣሉ፦ ምግብ ቤት ስትቀመጪ በነፍስ ወከፍ የሚጨመረው ኮፔርቶ፣ እና ለማደሪያው በየሌሊቱ የሚከፈለው የከተማው ግብር። ብዙ ጊዜ ግብሩን ባለቤቱ በጥሬ ገንዘብ ይጠይቃል። እሱው የእንግዶቹን መታወቂያ ለፖሊስ የማስመዝገብ ግዴታም ስላለበት ዋናውን ፓስፖርት፣ ዋናውን ሪቼቩታና ያለቀውን ካርድ ያዢ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም።

ለጿሚ ሊጉሪያ፣ ይህ የባሕር ዳር ክልል፣ ከጣሊያን ሁሉ ይመቻል። ፋሪናታ የሚባል አላቸው፤ የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና የወይራ ዘይት፣ ሌላ የለውም። በትልቅ ክብ መጥበሻ ምድጃ ውስጥ ይጋገርና ተቆርጦ በወረቀት ይሰጥሻል። ዳሩ ተቃጥሎ ሲንኮሻኮሽ፣ መሐሉ እንደ ለስላሳ ሽሮ ሲሆን፣ ትኩሱን ቆመሽ ብዪው። የጄኖቫ ፎካቻም በዘይት ነው፤ ሬኮ የምትባለው ከተማ ፎካቻ ግን አይብ አለበት። ፔስቶ አረንጓዴ ስለሆነ አትሞኚ፣ አይብ ይገባበታል። የሞንቴሮሶን ሰርዲን መሰል ዓሣ በተመለከተ ለነፍስ አባትሽ ትቼዋለሁ።

መዋኘት? በዚያ ወቅት ውሃው አጥንት ይሰብራል፣ የባሕር ዳር ጠባቂዎቹም በአብዛኛው ሥራ አልጀመሩም። ማናሮላ ላይ ከአለት የሚዘሉ ልጆች ታያለሽ። እዚያ አሸዋ የለም፣ ከአለቱ ሥር ወዲያው ጥልቅ ነው። ሱሪሽን ሰብስበሽ ሞንቴሮሶ ዳርቻ ላይ እግርሽን ንከሪ። “ግቢ፣ እንይዝሻለን” ካሉሽ አትግቢ። የባሕር አደጋ ስልክ 1530፣ ለሁሉም ነገር 112።

ጥያቄ፦ ልጄ ጣሊያን ትማራለች። ከሴትም ከወንድም ጓደኞቿ ጋር ሆና ቺንኩዌ ቴሬ የሚባል የባሕር ዳርቻ ልትዞር ነው፣ የሚያድሩትም አንድ ቤት ነው አለችኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ልከልክላት?
እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እማማ፣ አይከልክሏት። ከከለከሏት ትሄዳለች፤ ለእርስዎ መንገሯን ብቻ ታቆማለች። አሁን እየነገረችዎት ነው፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሚያድሩበትን ቤት አድራሻ፣ አብረዋት ያሉትን የሁለት ሰዎች ስልክና የምትመለስበትን ቀን ትላክልዎት። በቀን አንዴ ማታ ትደውል ይበሉና በዚያው ይጽኑ። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመው ይወቁ፦ እዚያ ባቡሩ ከመንደር መንደር የሚሄደው አብዛኛውን በተራራ ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ነው፣ ስልክ ይጠፋል። ሲደውሉ “ማግኘት አይቻልም” ካለዎት ሩብ ሰዓት ይጠብቁና እንደገና ይደውሉ።